ቤቴን ልገዛ የሄድኩ ዕለት

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

የኔ ልጅ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ከሥራ ስትገቢ ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽን ሶፋው ላይ ስቀዪ፣ የሚጠጣ ትኩስ ነገርም ያዢ። ረጅም ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍም ይወስደኛል፣ ምግብም ይበላልኛል። አንቺስ? ያ አለቃሽ አሁንም ይጮኽብሻል ወይስ ልብ ገዛ?

ደውዬ እንደ መንገር ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ ሰውን ከሰው ሳገናኝ የኖርኩ ሴት ነኝና ሰው ስልክ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ደህና ነኝ፣ ምንም አዲስ ነገር የለም» ይልና መስመሩ ይዘጋል። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር አለኝ። ቤቱ ተሸጠ።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። እንዴት እንደተሸጠ ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይጥምም።

አባትሽን ከቀበርን በኋላ «ቤቱን ሽጪውና እኔ ጋ ነዪ» ስትዪኝ፣ እኔም «እሺ፣ ይሸጥና» ስልሽ፣ ቤት መሸጥ እንዲህ ያለ ጣጣ መሆኑን መች አወቅሁ! ከደላላዋ ጋር አንድ ቀን በስልክ አገናኝቼሻለሁ፤ ያቺ እስትንፋስ ሳትወስድ የምታወራው ልጅ። በሥራዋ አልማትም። ቤቱን ፎቶ አነሳች፣ አስነገረች፣ ሰው አመጣች። እኔን የገረመኝም የሰው መምጣት ነው። ማንም ባይመጣ «ገበያው ሞቷል» ብዬ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። በእኛ መንገድ ብቻ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ ጽሑፉን ፀሐይ በልቶት የማይነበብም አለ። የእኛን ግን ያዩታል። ይገባሉ፣ ቁም ሣጥን ይከፍታሉ፣ ቧንቧ ያንቧቧሉ፣ «እንዴት ደስ የሚል ቤት ነው!» ይላሉ። ከዚያ ይሄዱና የውሃ ሽታ ይሆናሉ።

እንዲህ ደስ ካላቸው ምን ነክቷቸው ነው የማይመለሱት? ነገሩ ከነከነኝ። ታውቂኛለሽ፣ አንድ ነገር ካልገባኝ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አባትሽ «ያንቺ ጆሮ ጡረታ አይወጣም» ይለኝ የነበረው ወዶ አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ቤቱን የማስጎበኘው እኔው ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሻይ አፈላለሁ፣ ብስኩት እደረድራለሁ፣ ከዚያ ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ። ይህ በር ሲጥ ሲጥ የሚለው ባለቤቴ ዘይት መቀባት እየረሳ ነው፤ በዚህ መስኮት ልጄ ዘላ ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሏት ፈተናዋን እያነከሰች ነው የተፈተነችው… ብቻ የማላወራው ነገር የለም። ሻዩን ይጠጣሉ፣ ብስኩቱን ይበላሉ፣ አባትሽን «ነፍሳቸውን ይማር» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ደላላዋ ኩሽና ውስጥ ለብቻዬ አገኘችኝ።

«እማማ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበልዎት?»

«በይ እስቲ።»

«ባለቤቱ እያለ ቤት የሚያይ ሰው እንግዳ ነው የሚሆነው። እንግዳ ደግሞ ቤት አይገዛም፤ አመስግኖ ይሄዳል።»

ቅር አለኝ። ግን እውነቷን ነው። «ታዲያ የት ልሁንልሽ?» አልኳት።

«የፈለጉበት ይሁኑ፤ ብቻ እዚህ አይሁኑ» አለችኝ።

እኔም ሩቅ አልሄድኩም። መንገዱን ተሻግሬ ወዳጄ ልብስ ሰፊዋ ጋ ገባሁ። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለው መስኮት የእኛን በር ፊት ለፊት ነው የሚያየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በመጣ ቁጥር እዚያ ተሰይሜ አያለሁ። እየሳቁ ይገባሉ። እያወሩ ይወጣሉ። ውጭው በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ይሉና አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ምንም አይደል፤ ሁሉም! ወጣቱም፣ ሽማግሌውም፣ ባለመኪናውም፣ በእግሩ የመጣውም።

«ምን አይተው ነው?» አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

«ሂጂና እዚያው ቆመሽ እዪው» አለችኝ፣ መርፌዎቹን በከንፈሯ እንደያዘች።

ሄጄ ቆምኩ። የማየው ነገር የአናጢው ወርክሾፕ ነው። የብረት በሩ ተዘግቷል፤ ደጃፉ ላይ ሰጋቱራ ተከምሯል። ታስታውሺ እንደሆን አናጢው ማሽኑን ጠዋት ያስነሳና ከምሳ በኋላ ዘግቶ ዕቃ ሊያደርስ ይሄዳል። እኔ ድምፁን ስንት ዘመን ሰምቼው ጆሮዬ ትቶታል። ደላላዋ ደግሞ ሰው የምታመጣው ሁሌም ከሰዓት ነው። ያን ዕለት ማታ ስልክ ደወልኩላት።

«ስለ አናጢው ማሽን ለሰዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ካልጠየቁኝ ለምን ብዬ?»

«ጠይቀውሽስ ያውቃሉ?»

«አንድም ሰው» አለች፣ ደስ ብሏት።

እኔን ግን ይበልጥ ከነከነኝ። አይተውታል፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ካዩት ለምን አይጠይቁም? እሷን ካልጠየቁ ደግሞ የሚያወሩት እርስ በርሳቸው ነው። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ እኔ በሌለሁበት! ልጄ፣ በገዛ ቤቴ የሚወራ ወሬ እኔን እንዴት ያልፈኛል?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ደላላዋ ቤቱን ለመጣ ሁሉ ክፍት የምታደርግበት ቀን ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንዷ ደንበኛዋ አሠርታ ያልወሰደችው ጥቁር ካፖርት ነበራት፤ እሱን አለበሰችኝ። ሻርፕ አሰረችልኝ። የራሷን ጥቁር መነጽር ዓይኔ ላይ ሰካች። ወደ ኋላ ሄድ ብላ አየችኝና በሳቅ ፈረሰች።

«ሰላይ መሰልሽ እኮ!»

«ሰላይ እንዲህ አይወፍርም» አልኳትና መንገዱን ተሻገርኩ።

ደላላዋ በሩ ላይ ቆማ ሰው እየተቀበለች ነበር። ስታየኝ ቁልፎቹ ከእጇ ወደቁ። ዙሪያዋን ሰው ነው፤ ምን ትበል?

«እ… እርስዎም ቤት ሊያዩ ነው?»

«አዎ፣ ልጄ ሂጂና እዪው ብላኝ ነው» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ይ… ይግቡ እንግዲህ» አለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ በሳቅ ይሁን በንዴት አልለየሁትም።

በገዛ ቤቴ ደጃፍ ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ። ምን ልበልሽ፣ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን የሚያየው ሌላ ነው። ሳሎኑ እንዲህ ጨለማ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ያ የምኮራበት ወፍራም መጋረጃ ብርሃኑን ሁሉ ውጦታል። አንድ ረጅም ሰውዬ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ያንኳኳል። ሚስቱ ትከተለዋለች። እኔም ተከተልኳቸው። ያንቺ ክፍል ሲገቡ ሰውየው በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ ላይ ቆመ።

«አየሽ፣ ክፍሉ በሙሉ የድሮ ቀለም ነው፤ ይህ ጥግ ብቻ አዲስ። አንድ ነገር ሸፍነዋል» አላት።

እውነቱን ነው። ዝናብ ከነፋስ ጋር ከጓሮ በኩል ሲመጣ እዚያ ጥግ ላይ ጣሪያው ያፈሳል፤ ደላላዋ ናት ቀለም ያስቀባችው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ሰውየው ግን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በምን ይወቅ? እሱ በሐሳቡ የቤቱን ግማሽ አፍርሶታል። ሚስቱን እጇን ይዞ ወጣ።

ኩሽና ገባሁ። እህትማማች የሚመስሉ ሁለት ሴቶች መሳቢያዬን ከፍተው ቆመዋል።

«ይህን ያህል ጊዜ ሳይሸጥ የቆየው በጤናው ይመስልሻል?»

«ባለቤቷስ የት ናት?»

«ሞታ ይሆናላ።»

«እዚሁ ቤት?»

«ልብሷ ሁሉ እኮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

ልጄ፣ በገዛ ኩሽናዬ ቆሜ መርዶዬን ሰማሁ። ክው አልኩ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝና በሻርፑ አፌን ያዝኩ። አንዷ ያለቀስኩ መሰላት መሰለኝ፣ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋኝ ወጣች።

ትንፋሼን ልሰበስብ ወደ ፊት ለፊቱ መስኮት ሄድኩ። እዚያ አንዲት ጉንጫም አጭር ሴት ጥቁር ረጅም ቦርሳ በጀርባዋ አንግታ ወደ አናጢው በር ትመለከታለች። ባሏ አጠገቧ ቆሟል። ዞር ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ እማማ፣ የዚህ ሰፈር ሰው ይሆኑ? ያ የተዘጋው ቤት ምንድነው?»

እስከዛሬ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችኝ! «እኔ ምን አውቄ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«የአናጢ ቤት ነው። ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። አሁን ዘግቶ ሄዶ ነው።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። አለቀ፣ በገዛ እጄ ቀበርኩት አልኩ በልቤ።

«በየቀኑ ነው?» አለች።

«ከእሑድ በቀር።»

«ጎረቤቱስ ዝም ይላል?»

«ለምዶታል። እዚህ መንገድ ላይ ስለ ጩኸት የሚያማርር ሰው አታገኚም።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ከሆዷ። ባሏም ሳቀ። እኔ መሃል ላይ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።

«ይስሙኝማ» አለችኝ፣ ቦርሳውን መታ መታ እያደረገች። «እኔ ጥሩምባ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ቤት እየመጡ ነው የሚማሩት። ጀማሪ ጥሩምባ ሲነፋ ሰምተው ያውቃሉ?»

«ዝሆን ጥርሱን ሲያመው ማለት ነው» አለ ባሏ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እጁ ላይ የምጣድ ጠባሳ አለበት። «ከተከራየንበት ቤት ሁሉ ያባረረን እሱ ነው። ቤት ስናይ መጀመሪያ የምንፈልገው ዝምታ የሌለበትን ሰፈር ነው።»

እኛ ይህንን ስንት ጊዜ እንደ ነውር ስንደብቀው ኖርን! ስለ ጥጉም ነገርኳቸው፤ ነፋሱ ከጓሮ ሲመጣ ብቻ እንደሚያፈስ፣ የቧንቧው ውሃ ጠዋት ቀጠን እንደሚል፣ ኩሽናው ግን ፀሐይዋን እስክትጠልቅ እንደማይለቃት። አወራሁ፣ አወራሁ። ቀና ስል ግድግዳ አንኳኪው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

«እርስዎ ግን ይህን ሁሉ በምን አወቁ?» አለ።

ከኋላው ደላላዋ ዓይኗን ጨፍናለች። መነጽሬን አወለቅሁ።

«የሞተችው ባለቤት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከኩሽና አንዷ እህት ጮኸች። ከዚያ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ሳቁ ከክፍል ክፍል ተዛመተ። ትከሻዬን የዳበሰችኝ ሴት ይቅርታ ልትለኝ መጥታ ሳቋ አላናግር አላት። ከሳቁ በኋላ የሆነውን ነው መስማት ያለብሽ፤ ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመረ! ጣሪያው ስንት ዘመኑ ነው? ለምን ነው የሚሸጡት? ለምንስ ይህን ያህል ቆየ? አንዱ የጠየቀውን ሌላው እየተቀበለ፣ እኔም መልካሙንም ክፉውንም እየመለስኩ፣ ከዚያ በፊት ደቂቃ የማይቆዩ ሰዎች ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ደላላዋን በሥራዋ አልማትም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሌላ ብትሆን ታኮርፍ ነበር። እሷ ሄዳ መጋረጃውን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ቀድሞ ሰው ሲወጣ «ይደውሉልኝ» ብላ ነበር የምታሰናብተው። አሁን ጥሩምባ ነፊዋ ፊት ቁጭ አለችና እንዲህ አለቻት፦

«እህቴ፣ በግልጽ ልጠይቅሽ። ምን ቢስተካከል ይህን ቤት ትወስዱታላችሁ?»

ሴትዮዋ ባሏን አየች። «ጣሪያው ዝናብ ሳይገባ ይጠገን» አለች።

«ምድጃው ይቅርልን» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ዋጋውም ትንሽ ወረድ ይበል።»

«ይህን ጽፋችሁ ፈርሙልኝ፤ ለባለቤቷ ላቅርብላት» አለች ደላላዋ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ! ጻፉና ሰጧት። ይህን ሲያይ ግድግዳ አንኳኪው ጉሮሮውን ጠረገና «እኛም የምናቀርበው አለን» አለ። ያን ሁሉ ወራት አንድ ገዢ ያጣሁ ሴትዮ በአንድ ከሰዓት ሁለት ቆሙልኝ። የእሱ ዋጋ ሻል ይላል፤ ነገር ግን የራሱ ቤት ሳይሸጥ መግዛት አይችልም። የሱ ቤት ደግሞ ከኛም ብሶ ዓመት አልፎት ቆሟል። ደላላዋ ሁለቱን አመዛዝና አስረዳችኝ፤ ልቤም ወደ ጥሩምባዋ አዘነበለ። እሺ አልኩ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። «ሥራዬን ሊያሳጡኝ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንባዋን ጠረገችና «ሌላስ ምን ሰሙ?» አለችኝ። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መሳቢያው ነገርኳት። አገጯን በእጇ ይዛ ነው የሰማችኝ።

«ለካ እኔ ስለፋ የኖርኩት ሰው እንዳይጠይቀኝ ነው» አለች።

ባለፈው ሳምንት ጣሪያው ተጠግኖ፣ ወረቀቱ አልቆ፣ ቁልፉን አስረከብኩ። ጥሩምባ ነፊዋ ባዶው ሳሎን መሃል ቆማ አንዴ ልሞክረው አለችና ነፋች። ልጄ፣ ያ ቤት እንዲህ ዓይነት ድምፅ አለው ብዬ አስቤ አላውቅም። የአናጢው ማሽን ቀጥ አለ። ሰውየው ጸጉሩ ሰጋቱራ ለብሶ እየሮጠ መጣ። ሴትዮዋ ደንግጣ ጥሩምባውን ዝቅ አደረገች።

«ምነው አቆምሽ?» አላት። «ያቺ ማሽን ብቻዋን ስትጮህ ሰልችቶኛል።»

እኔ መንገዱ ላይ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ሆዴ ባባ። ኀዘን ነው እንዳልልሽ እየሳቅሁ ነው፤ ደስታ ነው እንዳልልሽ መሐረቤ ርሷል። ምን እንደሆነ ሲገባኝ እጽፍልሻለሁ።

ለእኔ ቀለም የቀባሽውን ክፍል ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። እንዴት ያምራል! ቢጫው ልብ ያበራል። አልጋውም፣ መብራቱም፣ ምንጣፉም እንደኔ ልብ ነው። መስኮቱ ግን ወዴት ነው የሚያየው? ሥራ ስትሄጂ ከዚያ ክፍል የሚሰማ ድምፅ ምንድነው? ጎረቤትሽ ማን ይባላል፣ ታነጋግሪያታለሽ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

የአውሮፕላኑን ትኬት ለጊዜው አትቁረጪ። ዝናቡ ይለፍ። ደግሞ ያ ግድግዳ አንኳኪ ሰውዬ ቤቱን ለደላላችን ሰጥቷታል፤ ለምን እንደማይሸጥ ማንም ሊያውቅለት አልቻለም። ነገ ካፖርቱን ለብሼ ሄጄ አየዋለሁ ብያለሁ። ደላላዋ ከዚህ በኋላ ሌላም ሌላም ቤት አለ ትላለች። እስቲ ምን እንደሚሉ እሰማለሁ።

እስከዚያው ልብስ ሰፊዋ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል አከራይታኛለች። ትንሽ ናት፣ ግን መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያለች። ሶፋውን ለባልና ሚስቱ ተውኩላቸው፤ ቁም ሣጥኑም በደረጃው አልወጣ ብሎ ቀረ። የአንቺን አልጋ ግን አልሸጥኩትም። አናጢው ፈታትቶ አወጣልኝና ከእኔ አልጋ ጎን ገጠመው። በመካከላቸው ሰው በጎኑ ያልፋል፤ ሞክሬዋለሁ።

የረገጥሽው ሁሉ ይለስልስልሽ፣ የጀመርሽው ይቃናልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። ስትመጪ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፤ አንሶላ እንዳነጥፍ።

በየቀኑ የምታስብሽ፣
እናትሽ